የፍሬኑ ልብ ምት

ይተርፋል የተባለው ሰውዬ ሆስፒታል በር ላይ ሞተ።

የሞተው ሲስተር አንጓውን እንደያዘችው ነው። መንገዱን ሁሉ ረጋ ብሎ ሲመታ የነበረው ደም ስሩ፣ ቃሬዛው ከአምቡላንሱ ሲወርድ ከጣቷ ስር ጠፋ። ጣቷን ወደ አንገቱ አዛወረች። የለም። ደረቱን ስትጫን፣ ስትጫን፣ የግንባሯ ላብ ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የዚያ ትንሽ ሆስፒታል ሐኪም መጥቶ ትከሻዋን ነካት።

«በቃ ሲስተር። አርፏል።»

«ምን ማለት ነው አርፏል? ምቱ ሰባ ሁለት ነበር እኮ! አሁን፣ እዚህ፣ በእጄ ቆጥሬዋለሁ!»

ሐኪሙ የሰውዬውን ዓይን ከደነ። ሲስተር እጇን ዘርግታ አየችው። የራሷ እጅ አልመሰላትም።

የሲስተር ሥራ ከሌላ ነርስ ሥራ በአንድ ነገር ይለያል። የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ፣ ገና አፈር ላይ ተጋድሞ እያለ፣ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም ብላ መገመት አለባት። የሚኖረውንና የማይኖረውን የሚያውቀው አንድ ፈጣሪ ነው፤ እሷም ይኼን አትስተውም፤ ጓንቷን ስታጠልቅ ሁሌ በከንፈሯ የምትላት አንድ አጭር ጸሎት አለቻት። መገመቱ ግን ግድ ነው። አተነፋፈሱን ታያለች። የልብ ምቱን ቆጥራ ከደም ግፊቱ ጋር ታስተያያለች። ስትጠራው ይሰማ እንደሆነ፣ እጄን ጨብጥ ስትለው ይጨብጥ እንደሆነ ትሞክራለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ አላት። ድምሩ ዝቅ ካለ ሰውዬው አደጋ ላይ ነውና ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል እየጮሁ መብረር ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹም ተደውሎላቸው እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ። ድምሩ ከፍ ካለ ደግሞ ችኮላ የለም፤ ቀስ ብሎ ወደ ቅርቡ ትንሽ ሆስፒታል።

የዚህ ሰውዬ ነጥብ ከፍ ያለ ነበር። ቀስ ብለው ወደ ቅርቡ ሄዱ። ሞተ።

ማታውኑ አለቃዋ ደወለላት። «ሆዱ ውስጥ የተገኘው ደም በባልዲ ነው የሚለካው» አላት። «እንዲህ እየደማ ያለ ሰው ልቡ ይጋልባል እንጂ ሰባ ሁለት አይመታም። አልቆጠርሽም ወይ ተሳስተሻል። መርማሪ ይመጣል። እስከዚያ አምቡላንስ ላይ እንዳትወጪ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት፤ በፈጠረህ!»

«ለመርማሪዋ ንገሪያት።»

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የራሷን አንጓ ይዛ ትቆጥራለች፤ ትተዋለች፤ ደግሞ ትቆጥራለች። ክሱ አስፈርቷታል፤ እስር ቤቱም አስፈርቷታል። ግን ከሁሉ በላይ ያስፈራት እጇ ነበር። ስንት ሰው ነው በዚህ እጅ «ይተርፋል» ብላ የፈረደችለት? ይኼ እጅ የሚዋሽ ከሆነ ስንቱን ገድላለች?

ጠዋት የአምቡላንስ ጣቢያው ስትደርስ ከረሜላ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ከረሜላ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። ጉንጩ ውስጥ የምትሟሟ የናና ከረሜላ ስለማትጠፋ ይኼ ስም ወጣለት። እጁ ለስላሳ፣ አፉ ጣፋጭ፣ ለቃሬዛ የተፈጠረ ጎረምሳ ነው ይሉታል። የሞተው ሰውዬ ደግሞ አማቱ ነው፤ የሚስቱ አባት። ጥሪው ሲመጣ «ይኼ የአማቴ ግቢ ነው!» ብሎ መሪውን ሲጨብጥ ሲስተር እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ነበር ያጽናናችው።

አሁን እሱ አጽናናት። ወደ አንዲት ሌላ የቆመች አምቡላንስ አስገብቶ አጠገቡ አስቀመጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ ስሚኝ። ተሳስቼ ነው በያቸው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። ሐዘኑ የኔ ነው፤ የሞተው አባቴ ማለት ነው። እኔ ይቅር ካልኩሽ ማን ይከስሻል? ሚስቴንም እናቷንም እኔ አሳምናለሁ። ድርቅ ካልሽ ግን ዋሸች ይሉሻል። እስር ነው እሱ።»

የናናው ሽታ ፊቷን መታት። ደግነቱ ሊያስለቅሳት ደረሰ። «እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት የአምቡላንሱ መስኮት ተንኳኳ።

አንዲት አጠር ያለች ሴት ናት። በአንድ እጇ የላስቲክ ከረጢት፣ በሌላው አንድ እግር ጫማ ይዛለች።

«ይቅርታ፣ እግሬን እያነደደኝ ነው» አለች። «ሲስተር አንቺ ነሽ? ነይማ ውረጂ።»

ፖሊሶቹ በጓሮ «ወስፌ» ነው የሚሏት፤ ቆዳ ብትሆንም በስታ ትገባለች ለማለት ነው። ፊት ለፊት ግን ሁሉም «ኢንስፔክተር» ይላታል። ሲስተርን ወደ ጣቢያው ክፍል ይዛት ገባችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጇን ዘረጋችላት።

«የኔን ቁጠሪ።»

«እንዴ?»

«ቁጠሪ አልኩሽ እኮ። ዶክተር፣ አንተም በዚህ በኩል ያዝ።»

እዚያው የነበረው የጣቢያው ሐኪም ግራ እጇን ያዘ። ሲስተር ቀኙን ያዘች። ከንፈሯ «አምላኬ አታሳፍረኝ» እያለ ቆጠረች። ሁለቱም ቁጥራቸውን በየፊናቸው ወረቀት ላይ ጻፉ። ወስፌ አገላብጣ አየች። አንድ ነው።

«ደግመሽ።» ኢንስፔክተሯ ተነስታ በአንድ እግር ጫማ ክፍሉን እየዞረች ሮጠች፤ እየተነፈሰች ተቀመጠች። እንደገና ቆጠሩ። አሁንም አንድ ነው።

«እንግዲህ እጅሽ አልዋሸም» አለች ወስፌ ጫማዋን እየተጫማች። «ስለዚህ የዋሸው የሰውዬው ልብ ነው። ልብ ደግሞ ብቻውን አይዋሽም፤ የሚያስዋሸው አለ። ተነሽ፣ ግቢው ድረስ ታሳዪኛለሽ።»

ሲስተር ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። የሚያስዋሸው አለ? ማን?

የሟቹ ግቢ ሁለት ያረጁ አውቶቡሶች የቆሙበት፣ መሬቱ ዘይት የጠጣ፣ ጥግ ላይ ልብስ የተሰጣበት ሰፊ ግቢ ነው። ሟቹ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ፍሬኑ» ነው የሚለው። አንድም ቀን ሰው ላይ አልደረሰም፤ መንገደኛ «ኧረ ንዳው!» ብሎ ሲጮህበት «የቸኮለ ይውረድና ይሩጥ» የሚል ሰው ነበር። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የትልቁ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሊያስር በጀርባው መሰላል ሲወጣ ወደቀ። ሆዱን የድንጋይ አጥር ጠርዝ መታው፤ አገጩም ተሰበረ።

«እሱ ነው!» አለች ባለቤቱ ገና ሲገቡ፣ ጣቷን ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ቀስራ። «መሰላሉን ጠግን እያለው ስንት ጊዜ ለመነው! አውቆ ነው የተወው!»

«እትዬ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አለ ወንድምየው። መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ስር ያለው ግራሶ በሐዘኑ ቀንም አልለቀቀም። «ወንድሜን እኔ ልግደል?»

«አልተጣላችሁም? ማክሰኞ ዕለት በስልክ ሲጮህብህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ‹እስከ ሰኞ ቁልፉን አስረክብ፤ ካላስረከብክ እኔው ራሴ ሄጄ እናገራለሁ› ሲልህ!»

«ለኔ?» መካኒኩ ዓይኑ ፈጠጠ። «የምን ቁልፍ? የአውቶቡሱን ቁልፍ ካስረከብኩት ወር አልፎኛል። ያው ግድግዳችሁ ላይ አለ፣ እዪው!»

ወስፌ አየች። እውነትም ሁለቱም ቁልፎች ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። መሰላሉ ጋ ሄዳ የተሰበረውን ብረት ዳሰሰች፤ ጣቷ ላይ የቀረውን ዝገት በመሐረብ ጠረገች፤ መሐረቡን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ሲስተር፣ ስትደርሱ ማን የት ነበር?»

«እዚህ ጋ ወድቆ ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ያየኛል። አፉ ደም ስለሞላ መናገር አልቻለም። እጄን ጨብጥ ስለው አጥብቆ ጨበጠኝ። አንገቱ እንዳይነቃነቅ ብዬ ወንድሙን ጭንቅላቱን በሁለት እጅ አስያዝኩት። ባለቤቱ እግሩ ስር ናት።»

«እግሩን አቅፌ ነበር» አለች ባለቤቱ፤ ድምፏ ተሰበረ። «ጠዋት ‹በዚህ ዕድሜህ ጦጣ ነህ እንዴ› ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ሳቀብኝ። እንደሳቀብኝ ቀረ።»

«ሾፌሩስ?»

«ደረቱ ላይ የቃሬዛውን ቀበቶ ያስር ነበር» አለች ሲስተር። «እኔ የደም ግፊት እለካለሁ። መቶ አስር ነበር፤ ጥሩ ነው። ‹የሚወስደው መድኃኒት አለ?› ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።»

«ለምን መድኃኒት ትጠይቂያለሽ?»

«ስልጠና ላይ አስር ጊዜ ነግረውናል። የግፊት ወይ የልብ ኪኒን የሚወስድ ሰው ያታልላል። እየደማም ልቡ አይፈጥንም፤ ኪኒኑ ይይዘዋል። ግፊቱም ድሮ ከፍ ያለ ከነበረ፣ ለሌላው ጤና የሆነው ቁጥር ለሱ መውደቅ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ግድ ነው። ‹የለም› አሉኝ።»

«ማን?»

«ሁላቸውም።»

«የለማ!» አለች ባለቤቱ። «እሱ? ራስ ምታት እንኳን አያውቀው! የሾፌሮች የጤና ምርመራ ባለፈው ዓመት አለፈ ብሎ እንደ ግልገል ሲዘል ነበር የመጣው።»

ሲስተር ግን አንድ ነገር ታወሳትና አፏን ያዘች።

«ደረቱን... ደረቱን መታ መታ አድርጎ ነበር። በቀኝ እጁ፣ እዚህ ጋ። ሁለት ሦስት ጊዜ። እኔ ያመመው መስሎኝ...»

«ከዚያስ?»

«ከረሜላ እጁን ያዘለትና ‹አይዞህ አባባ› ብሎ ቀስ አድርጎ አወረደለት። ከቀበቶው ስር አስገባለት።»

ወስፌ ከላስቲኩ ውስጥ የሟቹን ሸሚዝ አወጣች። ሲስተር በመቀስ መሐል ለመሐል የተረተረችው ነው። የግራው ደረት ኪስ ግን ደህና ነው። ኢንስፔክተሯ የኪሱን ክዳን ገለጥ ከደን አደረገች።

«ይኼን ቁልፍ ማን ነው የተከለው? ከሌሎቹ ይለያል።»

ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ያለችው የሟቹ ልጅ፣ የከረሜላ ሚስት፣ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል። «እኔ ነኝ። አባባ ‹ጠበቅ አድርገሽ ትከዪልኝ፤ ይኼ ኪስ እንዳይከፈትብኝ› አለኝ። ሁሌም እንደተቆለፈ ነው። ምን አለበት ብዬ ስቀልድ ‹ሚስጥሬ› ይላል።»

«አሁን ክፍት ነው። ባዶም ነው» አለች ወስፌ። «ሆስፒታሉ ውስጥ ልብሱንም አስከሬኑንም የተረከበው ሰው እንዲህ እንዳገኘው ነግሮኛል። ከመሰላል የሚወድቅ ሰው ደግሞ ኪሱን እየከፈተ አይወድቅም።»

የተሰጣው ልብስ በነፋስ ይውለበለባል። ሲስተር በልቧ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። በዚያ ቃሬዛ ዙሪያ የነበሩት ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ ከረሜላና እሷ ራሷ ናቸው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ካሉት አንዱ፣ ሰውዬው እያየው፣ ዓይኑ ተከፍቶ እያየው፣ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቷል።

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ወስፌ አምቡላንሱ ጋ ቆመች። ምርመራው እስኪያልቅ ተብሎ ከቅዳሜ ጀምሮ ታሽጋ የቆመች ናት። የኋላውን በር አስከፈተች። ውስጡ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ያብለጨልጫል።

«ማን አጠበው?»

«ሾፌሩ። ደንባችን ነው፤ ሰው ባወረድን ቁጥር እሱ ያጥባል። እኔ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሰውዬው ጋር ነበርኩ።»

«ይኼ ቢጫ ሳጥንስ?»

«ያገለገለ መርፌ፣ ጠርሙስ፣ የተረፈ መድኃኒት ይጣልበታል። አፉ ጠባብ ነው፤ የገባ አይወጣም። ሲሞላ ይቃጠላል። ስንቀጠር መጀመሪያ የሚያስምሉን እሱን ነው፤ ሞታችሁም ቢሆን መድኃኒት ሌላ ቦታ እንዳትጥሉ፣ ሕጻን ያነሳዋል ይሉናል።»

«መጨረሻ የጣልሽው ምንድን ነው?»

«ለሰውዬው ግሉኮስ የሰካሁበትን መርፌ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንቆም።»

«ጎሽ» አለች ወስፌ። ሳጥኑን ካለበት ሳታነቃንቅ ፖሊስ አስጠራች። ሲስተርን ግን «ሂጂ፣ እረፊ። ነገ ከሰዓት ግቢው ውስጥ እንገናኝ። እስከዚያ ከማንም ጋር መኪና ውስጥ ብቻሽን እንዳትቀመጪ» አለቻት።

«ከማንም ጋር?»

«ከማንም ጋር።»

ሲስተር ቤቷ ገብታ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈች። የናናው ሽታ ከልብሷ አልለቅ አላት።

በማግስቱ ሁሉም ትልቁ አውቶቡስ ስር ተሰበሰቡ። ባለቤቱ፣ መካኒኩ፣ ልጅቱ፣ ባሏ ከረሜላ፣ ሲስተር። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ወስፌ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ጫማዎቿን አወለቀች።

«መጀመሪያ የሚያስታርቀውን ልናገር» አለች። «እትዬ፣ ወንድሙን ይቅርታ ጠይቂው። ማንም አልገፋም፤ ማንም መሰላል አልነቀለም። ብረቱ ከውስጥ በዝገት ያለቀ ነው፤ በእጄ ስነካው ፈረሰ። ሰውዬው በራሱ ነው የወደቀው።»

መካኒኩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባለቤቱ ዞር ብላ ክንዱን ያዘችው።

«እና ማንም ካልገፋው ምን ልትመረምሪ ነው የሰበሰብሽን?» አለ ከረሜላ። ከረሜላውን ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላው አዞረ።

«መውደቁ አልገደለውማ። የድልድዩ ማዶ ቀዶ ሐኪም ‹ቶሎ ቢያመጡልኝ ሆዱን ከፍቼ የሚደማውን አስር ነበር፤ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ይነታረክ ነበር› አለኝ። የገደለው ወደ ትንሹ ሆስፒታል መሄዱ ነው። ወደ ትንሹ ያስሄደው ነጥቡ ነው። ነጥቡን ያበላሸው ልቡ ነው፤ የሲስተር እጅ አይደለም፤ ፈትኜዋለሁ። ስለዚህ ልቡን የያዘ ነገር ነበር ማለት ነው። ትናንት ደሙን አስመረመርኩ። ለብዙ ጊዜ የልብ ኪኒን ሲወስድ የኖረ ሰው ነው።»

«ውሸት!» አለች ባለቤቱ።

«እውነት ነው እናቴ። ከእናንተ የደበቀው ቢታወቅበት ከመሪው ያወርዱኛል ብሎ ነው። ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ቁልፍ የሚያስተክለውም ለዚያ ነው። ሲስተር ‹መድኃኒት አለ?› ስትል አፉ አልናገር ቢለው ኪሱን መታ መታ አደረገ። እሷ ልቡን ያመመው መሰላት። አንድ ሰው ግን ገባው። ኪሱን ከፍቶ ወሰደው።»

«ማን?» አለች ልጅቱ።

«እንየው። ወንድምየው ሁለት እጁ ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ ቢያነሳ ሲስተር ትጮህበት ነበር። እናትሽ እግሩ ስር ናት። ሲስተርና ሾፌሩ ቀሩ። ሲስተር ብትሆን ኖሮ፣ ኪኒኑን ደብቃ ሰባ ሁለት የሚል ቁጥር ይዛ እዚህ ድረስ አትሟገትም፤ ‹ተሳሳትኩ› ትል ነበር። እንድትል እንኳን ተለምናለች። አይደለም እንዴ ሲስተር?»

ሲስተር ከረሜላን ማየት አልቻለችም። «አዎ» አለች ወደ መሬት። «ተለምኛለሁ።»

«አዝኜላት ነው!» አለ ከረሜላ።

«አዝነህላት! እሷ ‹ተሳሳትኩ› ካለች ኪኒኑን የሚፈልግ የለማ። በልቡ ላይ ጥያቄ አይነሳም።» ወስፌ ድምፏን ከፍ አላደረገችም። «እሺ፣ ሌባ መድኃኒት ቢሰርቅ የት ይጥላል? ቦይ ውስጥ፣ ጓሮ፣ ሽንት ቤት። አንተ ግን የአምቡላንስ ሰው ነህ። ሞተህም ቢሆን መድኃኒት ሌላ ቦታ አትጥል ተብለሃል። እጅህ ሳያስብ የለመደውን አደረገ። ቢጫው ሳጥን ትናንት በፊቴ ተቀደደ። ኪኒኑ አለ፤ ፋርማሲው የለጠፈበት ምልክትም አለ። ያለው ደግሞ ሲስተር መጨረሻ የጣለችው መርፌ አናት ላይ ነው። ከመርፌው በኋላ ከዚያ መኪና ወርዳ አልተመለሰችም። ቀርቶ ያጠበው አንተ ነህ።»

የከረሜላ ጉንጭ መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ፋርማሲዋንም ጠየቅኳት። ‹ሁሌ የሚገዛው የአምቡላንስ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው፤ ሲያወራ የናና ሽታ ይመጣል› አለችኝ። ለአማትህ የምትላላከው አንተ ነበርክ። ሚስጥሩን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ኪኒኑ ልብን እንደሚይዝም ከሲስተር ጋር ተቀምጠህ ተምረሃል።»

«ለምን?» አለች ሚስቱ። ተነስታ ቆማለች። «ለምን ታደርገዋለህ? ይወድሃል እኮ! ልጄ ነው ይልህ ነበር!»

«ያ ስልክ» አለች ወስፌ። «‹ቁልፉን አስረክብ› ያለው ለወንድሙ አልነበረም። የምን ቁልፍ ነው? ከረሜላ፣ ትፋውማ ያንን ነገር። አሁን እዚህ ትፋው።»

አልተፋም። ሲስተር ግን ገባት፤ ክው አለች። ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቧ የሸተታት ናና ምን እንደሚሸፍን ገባት። ስንት ቁስለኛ ከኋላ አስተኝታ፣ እሱ ፊት እየጠጣ።

«የአምቡላንሱን ቁልፍ ነው» አለች ሲስተር በቀጭን ድምፅ። «ፍሬኑ ሸተተው። ጠጥተህ እንደምትነዳ ሸተተው።»

ያኔ ከረሜላ ተቀመጠ።

«አልነካሁትም» አለ። «በእግዚአብሔር፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም። ወድቆ ነው ያገኘሁት። ሰኞ ሊናገርብኝ ነበር። ሥራዬን፣ እሷን፣ ሁሉን ነገር ላጣ ነበር። ስትጠይቅ... ‹የለም› አልኩ። አንድ ቃል ናት። ምናልባትም ይተርፋል ብዬ...»

«ኪሱን ስትከፍት አባባ እያየህ ነበር?» አለች ሚስቱ።

ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዞረ።

«እያየህ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«አዎ።»

ልጅቱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «በዚያ እጅ ነው ቅዳሜ ማታ ያቀፍከኝ» አለች። እናቷ መጥታ ፊቷን ደረቷ ላይ ሸጎጠቻት። ፖሊሶቹ ከረሜላን አነሱት። በአጠገቧ ሲያልፍ ሲስተር ሳታስበው ወደ መካኒኩ ተጠጋች፤ ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጣ ያልፈራችውን ሰው አሁን ካቴና ገብቶለት ፈራችው።

ሰዉ ሲበተን ወስፌ ጫማዋን እያጠለቀች «ነጻ ነሽ ሲስተር» አለቻት። «ለአለቃሽ ነግሬዋለሁ። ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ኢንስፔክተር፣ ሰውዬው ነቅቶ ነበር እኮ። እጄን ጨብጦ ነበር። ዙሪያውን የቆመውን ሁሉ ጠየቅኩ። እሱን ግን አልጠየቅኩትም።»

ወስፌ ትከሻዋን ዳሰስ አድርጋ ሄደች።

ሲስተር ወደ ሥራዋ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት በሞተር ተገጭታ መንገድ ዳር ተጋድማ አገኘቻት። ሰው ከቧታል፤ ሁሉም ይናገራል። «ደህና ናት!» «መድኃኒት አትወስድም፣ እኔ ጎረቤቷ ነኝ!» አዲሱ ሾፌር ቃሬዛውን ይዞ ይጠብቃል። ሲስተር አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ጆሮዋን ወደ ሴትየዋ አፍ አስጠጋች፤ እጇን ያዘች።

«ዝም በሉ እስቲ ሁላችሁም!» አለች። ከዚያ ድምፏን ዝቅ አደረገች። «እናቴ፣ አንቺን ነው የምጠይቅሽ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ አንዴ ጨብጪኝ። ከሌለ ሁለት ጊዜ።»

ጠበቀች። እጇ ውስጥ ያለው እጅ ቀዝቅዟል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ጨበጣት። ሁለተኛውን ጠበቀች። አልመጣም።

«ድልድይ ማዶ!» ብላ ጮኸች ሲስተር። «ብረር!»